«ደርሶናል» ያልሁት መልእክት

የካቲት፣ ሁለተኛው ቅዳሜ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሩብ። እንጅባራ ከተማ፣ በአንድ የኪራይ አዳራሽ ውስጥ፣ ሃያ ሰባት ሰዎች ለሰባት ሳምንታት ሲጽፉልን እንደ ነበርና የአንዱንም እንዳላነበብን አወቅን።

ከሃያ ሰባቱ አንዱ ዓይኑን እንጨት የወጋው ሰው ነበር።

ይህን የምጽፈው ከማስታወሻ ደብተሬ ነው። ሰዓቶቹ በዚያው ቅጽበት የተመዘገቡ ናቸው። ከንግግሮቹ የተወሰኑትን ግን ማታ ተቀምጬ ከትዝታ ነው የጻፍኋቸው። ያልሰማሁትን አልጨመርሁም።

ስሜ ስመኝ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ዘጋቢ ነበርሁ፤ መጀመሪያ በሬዲዮ፣ ኋላ በጋዜጣ። ጋዜጣው ሲዘጋ ወደ ተወለድሁባት ቆሰበር ተመለስሁ። እንጅባራን ማለቴ ነው፤ የዱሮ ሰዎች አሁንም ቆሰበር እንላታለን። በሥራ ዘመኔ አንድ ሕግ ነበረኝ። «እርዳታው ደረሰ» ሲሉኝ መጋዘኑን ገብቼ ካላየሁ «ደረሰ» ብዬ አልጽፍም ነበር፤ «እንደ ደረሰ ተናገሩ» እላለሁ። በዚህ ምክንያት ከአለቆቼ ጋር ብዙ ጊዜ ተጣልቻለሁ። አንድም ቀን ግን ማስተባበያ አላስወጣሁም።

ምስጋናው የጎረቤታችን ልጅ ነው። ሠላሳ ዓመቱ ነው፤ በቤተ ክርስቲያናቸው ኪቦርድ ይጫወታል፣ በሥራ ቀን ደግሞ ድረ ገጽ ይሠራል። ቢሮው ከባጃጅ መለዋወጫ ሱቅ በላይ ያለች አንዲት ክፍል ናት። አንድ ቀን መጥቶ፣ «እትዬ ስመኝ፣ ገጹን እኔ እሠራለሁ፤ ቃሉን እርስዎ ይጻፉልኝ። የኔ አማርኛ የማስታወቂያ አማርኛ ነው» አለኝ። ሥራ ፈትቼ ነበርና እሺ አልሁ። ሁለት ሰው ሆንን።

ከደንበኞቻችን አንዱ ዳንግላ ያለ የግል ክሊኒክ ነው። ስሙን አልጠራም፤ ጥፋቱ የእነሱ አልነበረም። በየሁለት ሳምንቱ ሐሙስ አንድ የዓይን ስፔሻሊስት ከባሕር ዳር እየመጣ ያክምላቸዋል። ምዝገባ የምትይዘው ሲስተር ዓለም፣ «ለስፔሻሊስቱ ስልክ አታድርጉብን። ቀኑን ሙሉ ሲጮህ ቁስል ማጠብ አቃተን። በገጹ ይመዝገቡ፤ እኛ ተራቸውን እያየን እንደውላለን» አለችን። ምስጋናው ፎርም ሠራ። በሽተኛው ስሙን፣ ስልኩንና ሕመሙን ሞልቶ ሲልክ ከሥር የምትወጣውን ጽሑፍ እኔ ጻፍሁ፦

«መልእክትዎ ደርሶናል። በተራዎ እንደውልልዎታለን። እንዳይጉላሉ፣ እስክንደውል ድረስ በቤትዎ ይጠብቁ።»

ሲስተር ዓለም ወደደችው። ትሕትና አለው አለች።

ገጹን የሠራነው ኢንተርኔት በማይሠራባቸው ወራት ነው። ሁሉም ነገር ምስጋናው ላፕቶፕ ውስጥ ነበር። ፎርሙን እንሞላለን፣ «ላክ» የሚለውን እንጫናለን፣ «መልእክትዎ ደርሶናል» ይላል። መልእክቱ የትም አይሄድም፤ መሄጃ መስመር የለውም። ለሙከራ ብሎ ምስጋናው የራሱን አንድ የተረሳ ኢሜይል አስገብቶበት ነበር። አምስት ወር ሙሉ ወደ የትም ሳይሄድ «ደርሶናል» ሲለን ኖረን ለመድነው። ያች ቃል ስትወጣ ሥራው ያለቀ ይመስለን ጀመር። ኢንተርኔት ሲመለስ ገጹን እንዳለ ጫንነው። ከስልካችን ሞከርነው፤ «ደርሶናል» አለ። ተጨባበጥን። ኢሜይሉን ግን አልቀየርነውም። እኔ እሱ የቀየረው መስሎኝ ነበር፤ እሱ መቀየር እንዳለበት ረስቶታል።

ሰባት ሳምንት አለፈ።

ከዚያ የድረ ገጽ ሠሪዎች ጉባኤ እንጅባራ ላይ ይደረጋል ተባለ። ከማርቆስም ከባሕር ዳርም ለሚመጣ ሰው መሃል ስለሆነች ነው የመረጧት። ምስጋናው ደስታውን አልቻለውም።

«ጉባኤ?» አልሁት። «ስንት ጉባኤ እንደ ዘገብሁ ታውቃለህ? አበል፣ የፕላስቲክ ውሃ፣ የቡድን ፎቶ።»

«አበል የለውም፣ እትዬ። ምሳም በራሳችን ነው።»

«እንግዲያ ምን ልናገኝ እንሄዳለን?»

«ደንበኛ! የገበሬዎች ዩኒየን ሰዎች ይመጣሉ ተብሏል። የክሊኒኩን ገጽ ሲያዩ አፋቸውን ከፍተው ነው የሚቀሩ።»

«አንተም አፍህን ከፍተህ እንዳትቀር» አልሁት። ቀልዴ ነበር። ደብተሬ ላይ ስለ ጻፍሁት ነው እዚህ ያስገባሁት።

ቅዳሜ ጠዋት አዳራሹ ውስጥ ስልሳ ሰው ያህል ነበር። እስከ ምሳ ንግግር ሆነ። ደብተሬ ላይ ከዚያ ሁሉ ንግግር የተመዘገበ ሦስት መስመር ነው። የዩኒየን ሰዎች አልመጡም።

ከምሳ በኋላ ዘጠኝ ዘጠኝ ሰው እየሆንን በክብ ተቀመጥን። ሥርዓቱ ቀላል ነበር፦ አንዱ የሠራውን ገጽ ለማያውቁት ሰዎች ይሰጣል፤ እነሱ በስልካቸው ይነካኩታል፤ ሠሪው አፉን ዘግቶ ያያል። ጌታነህ የሚባል ራሰ በራ የባሕር ዳር ሰው ዳኛ ሆነ።

«ሠሪው ባወራ ቁጥር ሻይ ይገዛል» አለ ጌታነህ። «እኔ ባለፈው ክቡን በሙሉ አጠጥቻለሁ። ቀላል እንዳይመስላችሁ።»

ምስጋናው የክሊኒኩን ገጽ በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ አወጣው። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ሦስት ሻይ ተፈረደበት። «እሱን አይደለም፣ በስተቀኝ ያለውን ንኩት» ይላል፤ «ሻይ!» ይላሉ። ሁሉም ይስቃል። እኔም ሳቅሁ።

ከማርቆስ የመጣች ሰላማዊት የምትባል ልጅ እስከዚያ አልተናገረችም ነበር። ሥራዋ ሌሎች የሠሩትን መፈተሽ ነው። ፎርሙን እየሞላች ጮክ ብላ ታነባለች።

«ስም፣ ሰላማዊት። ሕመም፣ ግራ ዓይኔን ያሳክከኛል። ላክሁ።» ስልኳን አየች። «መልእክትዎ ደርሶናል ይላል።»

ምስጋናው ፈገግ አለ።

«ማን ጋ ነው የደረሰው?» አለች።

ምስጋናው ወደ ጌታነህ ዞረ። «ልናገር?»

«ተናገር፤ ይኸኛው ከሻይ ነፃ ነው።»

«ክሊኒኩ ጋ ነዋ!»

«አይተሃል?»

«እንዴት አድርጌ አያለሁ? እነሱ ናቸው የሚያዩት።»

«እንግዲያ ደውልና ጠይቃቸው» አለች። ድምፅዋ ውስጥ ክስ አልነበረም። ለሁሉም የምትጠይቀው ጥያቄ መሆኑን በኋላ ነግራኛለች።

ምስጋናው ደውሎ ድምፁን ለሁላችንም ከፈተው። ሲስተር ዓለም አነሣች።

«ሲስተር፣ አሁን አንዲት መልእክት ልከንልሽ ነበር። ሰላማዊት የሚል መጣልሽ?»

«በምን? በስልክ?»

«በገጹ፣ በፎርሙ።»

«ኧረ የለም። ቆይ... የለም።»

«ኔትወርክ ይሆናል፤ ትንሽ...»

«ምስጋናዬ፣ በዚያ ነገር እኮ እስከ ዛሬ አንድም ሰው መጥቶልኝ አያውቅም። የኛ አገር ሰው ኢንተርኔት አይወድም ብለን ትተነው ነበር። በእግሩ የመጣውን ነው የምናስተናግደው።»

የሚስቅ አልነበረም። ምስጋናው ስልኩን ሳይዘጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ሲስተር ዓለም «ሃሎ? ሃሎ?» ስትል ይሰማል። ላፕቶፑን ወደ ራሱ ሳበና ያንን የሙከራ ኢሜይል ከፈተ። ፕሮጀክተሩ እንደ በራ ነው፤ ያጠፋው ሰው የለም። ዝርዝሩ ግድግዳው ላይ ወጣ። ከላይ የሰላማዊት ዓይን ማሳከክ፤ ከሥሯ ሠላሳ አንድ መልእክት፣ ከሃያ ሰባት ሰዎች።

ሰዓቴን አየሁ። ስምንት ከሩብ።

ተነሥቼ ወደ ግድግዳው ቀረብሁና ከሥር ወደ ላይ ማንበብ ጀመርሁ። ሦስቱ መልእክቶች ከአንድ ሰው ነበሩ። ቃል በቃል ገልብጫቸዋለሁ።

ከአሥራ ዘጠኝ ቀን በፊት፦ «አባቴ ቢተው ዲከረንስ ሲቆርጥ ስባሪው ቀኝ ዓይኑን ወጋው። ግራው ከሕፃንነቱ አያይም። ጤና ጣቢያ ቅባት ሰጥተው ዳንግላ የዓይን ሐኪም ዘንድ ሂዱ ብለውናል። ሐኪሙ መቼ ይገኛል? ልጁ ጥሩወርቅ፣ ከአዲስ ቅዳም።»

ከአሥራ አምስት ቀን በፊት፦ «የቢተው ልጅ ነኝ። ዓይኑ ነጭ እየሆነ ነው። ጥላ ብቻ ነው የሚታየኝ ይላል። እባካችሁ ተራውን አስቀድሙልን።» ከዚህ ሥር የቀበሌያቸውን ስም ጽፋለች።

ከስምንት ቀን በፊት፦ «እንደ ነገራችሁን እየጠበቅን ነው። ቤታችን ኔትወርክ የለም። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ አምስት ሰዓት ስልኩን ይዤ ጉብታው ላይ እወጣለሁ። በዚያ ሰዓት ደውሉልን።»

ስፔሻሊስቱ በእነዚያ አሥራ ዘጠኝ ቀናት ውስጥ ሁለት ጊዜ ዳንግላ መጥቶ ተመልሷል። ሁለተኛው ከትናንት በስቲያ ነበር።

ደወልሁ። «የደወሉላቸው ደንበኛ ስልክ ለጊዜው ጥሪ አይቀበልም።» ስምንት ሰዓት ከሃያ ነበር፤ ልጅቱ ከጉብታው ከወረደች ሦስት ሰዓት አልፏል።

ምስጋናው ፊቱን በሁለት እጁ ይዞ ተቀምጧል። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሰላማዊት ነች ያደረገችው። ከደብተር መሃል ወረቀት ገንጥላ ስሞቹን ጻፈችና፣ «ስልክ ያላችሁ ወደዚህ ቅረቡ። አራት አራት ሰው ትደውላላችሁ። ይቅርታ ትላላችሁ፣ ያሉበትን ትጠይቃላችሁ፣ ትጽፋላችሁ። ምክንያት እንዳታበዙ» አለች። የማያውቁን ሰባት ሰዎች ወንበራቸውን ወደየማዕዘኑ ይዘው ሄደው መደወል ጀመሩ። ጉባኤው ለሌሎቹ ቀጥሏል፤ አንድ ሰው መድረክ ላይ ስለ ፍጥነት ይናገራል።

አብዛኞቹ በእግራቸው ሄደው ታክመዋል። ሁለቱ ባሕር ዳር ሄደዋል። አንድ ሽማግሌ፣ «አዪ፣ እሱ እንኳ ለቆኛል፤ እግዜር ይስጥልኝ» አሉ። አንዲት እናት «አሁን ነው የምትደውሉት?» ብላ ዘጋች። ያልተገኘው የቢተው ልጅ ስልክ ብቻ ነበር።

ጌታነህ የመኪናውን ቁልፍ አወጣ። «አዲስ ቅዳም መንገዴ ነው» አለ። «እንሂድ።»

ዘጠኝ ሰዓት ከአሥር ላይ ከእንጅባራ ወጣን። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ለከሰል የሚተከለው የዲከረንስ ዛፍ በመደዳ ቆሟል፤ በየመሃሉ አፈር የለበሰ የከሰል ክምር ይጨሳል። የታሰረው ከሰል በጆንያ በጆንያ ጠርዝ ላይ ተደርድሮ መኪና ይጠብቃል። የገበያ ቀን ስለሆነ አዲስ ቅዳም መግቢያ ላይ ሰውና ከብት መንገዱን ሞልቶት ቆምን። ምስጋናው ከኋላ ሆኖ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ይጸልያል። እኔ ሰዓት እጽፋለሁ።

«እትዬ፣ አሁንም ይጽፋሉ?» አለኝ።

«ሌላ የማውቀው ሥራ የለም።»

«እኔ ነኝ ኢሜይሉን ያልቀየርሁት።»

«አውቃለሁ። ጠብቁ ያልኋቸው ደግሞ እኔ ነኝ።»

መኪናው ከሚደርስበት ወዲያ አርባ ደቂቃ በእግር ሄድን። መንገድ የጠየቅነው ገበሬ «የጥሩወርቅ ጉብታ» ብሎ በእጁ አሳየን። ሰው በሦስት ሳምንት ውስጥ ለጉብታው ስም አውጥቶለታል።

አሥር ሰዓት ከሃያ ላይ ደረስን። አቶ ቢተው ከግድግዳቸው ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጠው ነበር። ስድሳ ዓመት ገደማ ይሆናሉ፤ ሰፊ ትከሻ አላቸው። ቀኝ ዓይናቸው በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ታስሯል። እጃቸው ላይ የከሰል ጥቁረት የለም፤ ታጥቦ ጠፍቷል። ልጃቸው ጥሩወርቅ ከጓሮ መጣች፤ ሃያ አራት ዓመቷ ነው። ስልኳ በገመድ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል።

«ከዳንግላው ክሊኒክ ገጽ ነው የመጣነው» አልኋት።

ልጅቱ ወደ አባቷ ዞራ በአገውኛ ተናገረች። አገውኛ እሰማለሁ፤ ከእናቴ ነው የተማርሁት። «መጡ አባ፤ ራሳቸው መጡ» ነበር ያለችው።

አቶ ቢተው ከበርጩማው ተነሥተው ወደ ድምፄ ዞሩና ጎንበስ አሉ። «ትደውላላችሁ ስንል ጭራሽ መጣችሁልን? ከዚህ ድረስ ደከማችሁ! ልጄ፣ መቀመጫ አምጭላቸው» አሉ በአማርኛ።

ምስጋናው አልተቀመጠም። እኔ ተቀመጥሁ።

«ከሐሙስ በፊት ጎረቤቶቼ ቃሬዛ ይዘው መጥተው ነበር» አሉ። «ተሸክመን ዳንግላ እንውሰድህ አሉኝ። ተቆጥቼ መለስኋቸው። መልእክታችሁ ደርሶናል፣ በቤታችሁ ጠብቁ ብለዋል፤ ተራ አለ፤ እኔ የሰው ተራ አልሻማም አልኋቸው። ደግሞ እኛ ስንሄድ ብትደውሉስ? ልጅቱ ጠዋት ጠዋት እዚያ ላይ ቆማ ትጠብቃለች፤ ብርዱን እንኳ አልፈራችም።»

«አንድ ቀን ብቻ ነው የቀረሁት» አለች ጥሩወርቅ። «ዝናብ ስለጣለ ነው። በዚያ ቀን ደውላችሁ ይሆን?»

«አልደወልንም» አልኋት።

የምጽፈውን ነገር አስቀድሜ በልቤ የማደራጀት ልማድ አለኝ። ያን ጊዜ የሚደራጅ ነገር አላገኘሁም። በቀጥታ ነገርኋቸው።

«ጋሽ ቢተው፣ መልእክታችሁ ለማንም አልደረሰም ነበር። እኛ ክሊኒኩ አይደለንም፤ ገጹን የሠራነው ሰዎች ነን። መልእክቱን ለተሳሳተ ቦታ ሰጥተነው አሥራ ዘጠኝ ቀን ተኝቶ ቆየ። ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ ነው ያየነው። ተራ አልነበረም። እናንተን የሚጠብቅ ሰውም አልነበረም።»

ጥሩወርቅ በገመዱ የተንጠለጠለውን ስልክ በእጇ ጨበጠችው።

«ታዲያ ደርሶናል ያለው ማን ነው?» አሉ አቶ ቢተው።

«እኔ ነኝ። ቃሉን የጻፍሁት እኔ ነኝ።»

«መድረሱን ሳታይ?»

«ሳላይ።»

ራሳቸውን ወደ ታች አደረጉ። ቁጣ ጠብቄ ነበር። ያሉት ይህን ብቻ ነው፦ «እኔኮ የተጻፈ ነገር ነው ብዬ ነው።»

ጥሩወርቅ ግን ዝም አላለችም። ወደ ምስጋናው ሄዳ ፊት ለፊቱ ቆመች። «ሦስት ጊዜ ነው የላክሁላችሁ። ሦስቱንም ጊዜ ደርሶናል አላችሁኝ። ሦስቱንም!» ምስጋናው አለቀሰ። እሷ አላለቀሰችም።

ጌታነህ ቃሬዛ ይምጣ ሲል አቶ ቢተው እንቢ አሉ። «እንጨቱ የወጋኝ እግሬን አይደለም» አሉ። በአንድ እጃቸው በትራቸውን፣ በሌላው የልጃቸውን ትከሻ ይዘው መኪናው ድረስ በእግራቸው ሄዱ። አንድ ጊዜ ተደናቅፈው ምስጋናው ደግፎ ያዛቸው። እጁን አልገፉትም።

ዳንግላ የደረስነው ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ሲስተር ዓለም በር ላይ ቆማ ትጠብቀን ነበር። ጨርቁን ፈትታ በባትሪ አየች፤ መልሳ አሰረችው፤ ወደ ውጭ ወጥታ ለስፔሻሊስቱ ደወለች። ስትመለስ «ሌሊት መንገድ የለም፤ ጎሕ ሲቀድ ባሕር ዳር ይዛችኋቸው ድረሱ ብሏል» አለች። ከዚያ ለእኔ ብቻ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ሐሙስ ዕለት አራት ሰው ብቻ ነው የነበረን። ሐኪሙ ከሰባት ሰዓት በኋላ ሥራ ፈትቶ ሻይ ሲጠጣ ነበር» አለችኝ።

እሑድ ጠዋት አራት ሰዓት ከሃያ ላይ፣ ባሕር ዳር፣ ሐኪሙ ምርመራውን ጨረሰ። የዓይናቸውን ብሌን ቁስለት በስቶታል አለ። ካርዱ ላይ ሲጽፍ አየሁት፤ ቀኝ ዓይን፣ ብርሃን አያይም፤ ግራ ዓይን፣ ብርሃን አያይም። ኮሪደር ላይ ጠብቄ ጠየቅሁት።

«በመጀመሪያው ሐሙስ አይተዋቸው ቢሆን ኖሮስ?»

«ማወቁ ምን ያደርግልሻል?»

«እጽፈዋለሁ።»

ጓንቱን እያወለቀ አሰበ። «በሦስተኛው ቀን ማለት ነው። በጠብታ መድኃኒት ብዙዎቹ ይድናሉ። የእሳቸው ይድን ነበር ብዬ ግን መማል አልችልም።»

እንደ ተናገረው ጻፍሁት።

እናንተ የምታነቡኝ፣ በተለይ እንደ እኛ በአንዲት ክፍል ውስጥ ለሰው ገጽ የምትሠሩ፣ እንዲህ ያለ ጉባኤ ምን ይጠቅማል ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። እኔም ጠይቄ ነበር። የሄድነው ደንበኛ ፍለጋ ነው፤ አላገኘንም። ንግግሩን ረስቼዋለሁ። ያገኘነው ሥራችንን የማትወድም የማትጠላም አንዲት እንግዳ ሰው ናት፤ እሷም አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችን። እኛ ሁለታችን ለሰባት ሳምንት በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠን ያንን ጥያቄ አልጠየቅነውም፤ ሌላ ሰባት ሳምንት ብንቀመጥም አንጠይቀውም ነበር። ያች ቃል ከዓይናችን ጋር ተላምዳ ነበርና። ጉባኤው ከሦስት ሳምንት በፊት ሆኖ ቢሆን እያልሁ የማስብባቸው ቀኖች አሉ። እንዲህ ያለው ሐሳብ ማስረጃ ስለሌለው አልገፋበትም።

ብዙ ሰው «ጥፋቱ የኔትወርኩ ነው፣ የዘመኑ ነው» እያለ ሊያጽናናኝ ሞክሯል። እኔ ግን ለዘመኑ አልፈርምለትም። ኔትወርክ ያልነበረ ጊዜ ማንም ሰው አልተጎዳብንም። ሰው የተጎዳው ኔትወርኩ ከተመለሰ በኋላ፣ እኔ ሃያ ሁለት ዓመት የጠበቅሁትን ሕግ «ይህ እኮ ዜና አይደለም» ብዬ ስለ ተውሁት ነው። ለጋዜጣ ቢሆን ኖሮ ዳንግላ ሄጄ ሲስተር ዓለም ጠረጴዛ ላይ መልእክቱን ካላየሁ «ደርሶናል» አልጽፍም ነበር። ለድረ ገጽ ሲሆን ግን ማስዋቢያ ቃል መሰለችኝ። የገጠር ሰው የተጻፈን ነገር እንዴት እንደሚያነብ የማላውቅ ሰው ብሆን ኖሮ ጥፋቱ ይቀልልኝ ነበር። አውቅ ነበር። እናቴ የቀበሌ ማስታወቂያ ሲለጠፍ ሰምታ ልብሷን ቀይራ የምትሄድ ሴት ነበረች።

ምስጋናው ቢሮውን ሊዘጋ ፈልጎ ነበር። አልዘጋውም። ከዚያ ወዲህ የምንሠራውን ሁሉ ማርቆስ ለሰላማዊት እንልካለን፤ እሷም የእነሱን ለእኛ ትልካለች። ሳንተያይ ምንም አይወጣም። የክሊኒኩ ፎርም ሥር የነበረችውን ጽሑፍ አጥፍቼ የሲስተር ዓለምን የሥራ ስልክ አስገብቻለሁ። አሁን የሚለው፦ «ልከዋል። መድረሱን ግን ገና አላወቅንም። እስከ ነገ ጠዋት አራት ሰዓት ካልደወልንልዎ ይደውሉልን፤ ካመመዎ አይጠብቁ፣ ይምጡ።» ሲስተር ዓለም ትሕትና ይጎድለዋል ብላ ነበር። ኋላ ተወችው።

ወደ አቶ ቢተው ቤት ሦስት ጊዜ ተመልሻለሁ። በመጀመሪያው ጊዜ ጥሩወርቅ አላናገረችኝም። በሁለተኛው ጊዜ ደብተሬን ተቀብላ ስለ እነሱ የጻፍሁትን አነበበች፤ የዝናቡን ቀን ማክሰኞ ብዬ ኖሮ ረቡዕ ብላ አረመችልኝ። ይህን ጽሑፍ ለአባቷ በአገውኛ አንብባላቸው፣ ይውጣ ብለዋል።

ሦስተኛው ጊዜ ባለፈው ቅዳሜ ነበር። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ደረስሁ። ዓይናቸውን በወጋቸው ቀን ሲቆርጡት የነበረው ዲከረንስ ከቤቱ በታች፣ እንደ ወደቀ ተጋድሟል። ቅርፊቱ ተልጧል። መጥረቢያው ከጉቶው ላይ አልተነቀለም። ሰው ነግሮኝ አይደለም፤ ሄጄ አየሁት።